ቅጠሉ ደህና፣ ውጤቱ ወፍ የለም፦ ከመድኃኒት ዕፅዋት አንቲኦክሲዳንት ሲወጣ የሚገጥም ችግርና መፍትሄ

ከደሴ ገበያ የተገዛ ጤና አዳም፣ ከደጋው የወረደ ጦስኝ፣ ከጓሮ የተቀነጠሰ ዳማ ከሴ። ሁሉም ጥሩ ቅጠል ነው። ላቦራቶሪ ሲገባ ግን አንዱ ይጠቁራል፣ የሌላው ሽታ ይጠፋል፣ ሌላው ደግሞ ማሽኑ ላይ ምንም አያሳይም። ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የሚላከከው በተክሉ ላይ ነው። «ይሄ አንቲኦክሲዳንት የለውም» ይባልና ፋይሉ ይዘጋል። እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው አወጣጡን ነው። ከአወጣጡም ይልቅ ቅጠሉ አሟሚው (ውሃው ወይም አልኮሉ) ውስጥ ከመግባቱ በፊት ያለፈበትን።

ይህን የምጽፈው ወሎ ውስጥ ለመመረቂያ ሥራ ቅጠል ይዛችሁ ለምትንከራተቱ ተማሪዎችና በትንሹ የዕፅዋት ሻይ ለምታሽጉ ሰዎች ነው። ከላይ እስከ ታች ማንበብ ግድ አይደለም። የገጠማችሁን ምልክት ፈልጉና ከዚያ ጀምሩ።

አንድ ነገር ግን አስቀድመን እንያዝ። አንቲኦክሲዳንት የአንድ ነገር ስም አይደለም፤ ኦክሲዴሽንን የሚገቱ ነገሮች ሁሉ የጋራ ስም ነው። ጤና አዳም ውስጥ ሩቲን የሚባል ፍላቮኖይድ አለ። ጦስኝ ታይሞልና ካርቫክሮል አለው፤ ሁለቱም ከእንፋሎት ጋር ይበራሉ። የቀጋ ፍሬ ቫይታሚን ሲ ይይዛል፤ ውሃ ይወዳል፣ ሙቀትና አየር ግን አይችልም። የጥቁር አዝሙዱ ታይሞኪኖን ደግሞ ከዘይቱ ጋር ነው የሚሄደው። ስለዚህ «የትኛው ዘዴ ይሻላል?» ብሎ የሚጠይቀኝን ሰው «ምን ልታወጣ?» ብዬ መልሼ እጠይቀዋለሁ። መልሱ ከሌለ ዘዴ መምረጥም የለም።

ቅጠሉ ደርቆ ሲነሳ ቡናማ ወይም ጥቁር ሆኗል

ከሁሉም በላይ የማየው ችግር ይህ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልናገር።

ቅጠል ሲጨፈለቅ፣ ሲታጠፍ ወይም ቀስ እያለ ሲጠወልግ በሴሉ ውስጥ ተለያይተው የኖሩ ሁለት ነገሮች ይገናኛሉ። አንደኛው ፌኖሎቹ ናቸው (ሩቲንና ታይሞል ከእነሱ ወገን ናቸው)። ሌላው ፖሊፌኖል ኦክሲዴዝ የሚባለው ኢንዛይም ነው። አየር ሲጨመርበት ኢንዛይሙ ፌኖሉን ኦክሲዳይዝ ያደርገዋል፣ ቡናማ ቀለም ይፈጠራል። ድንች ተልጦ ሲቆይ የሚሆነው ይኸው ነው። ቡናማውን ስታዩ ልታወጡት ያሰባችሁት ፌኖል ከፊሉ ተበልቷል ማለት ነው። ከዚህ በኋላ ምንም ዓይነት ውድ አሟሚ ቢመጣ አይመልሰውም።

ደሴ ላይ ክረምት ሲገባ ነገሩ ይብሳል። ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ከተማው ላይ ሲተኛ፣ ክፍል ውስጥ የተሰጣ ቅጠል ሳይደርቅ ይከርማል። ኢንዛይሙ ደግሞ እርጥበት እስካለ ድረስ ይሠራል። ሻጋታም በላዩ ይጨመራል። ሌላው ጣጣ አመጣጡ ነው። ቅጠሉን ማዳበሪያ ውስጥ ጠቅጥቆ መኪና ላይ መጫን የተለመደ ነው። ደሴ ሲደርስ እጃችሁን ወደ ማዳበሪያው መሃል ብትከቱ ሙቀቱ ይሰማችኋል። የተቀነጠሰ ቅጠል ወዲያው አይሞትም። ይተነፍሳል፣ ይሞቃል፣ ያልበዋል።

ዳማ ከሴ ላይ ይህን በዓይን ማየት ይቻላል። አንድ የደረቀ ቅጠል አንስታችሁ ወደ መስኮት ያዙት። ጠርዙ ላይ፣ የታጠፈበት መስመር ላይ፣ ጥፍር የነካው ቦታ ላይ ጥቁር ታገኛላችሁ። ያልተነካው መሃሉ አረንጓዴ ነው። ሁለት የተለያየ ውጤት በአንድ ቅጠል ላይ!

መፍትሄው ከለቀማ ይጀምራል። በቅርጫት ወይም አየር በሚያስገባ ጆንያ፣ ሳትጠቀጥቁ አምጡ። የመጣ ቀን ዘርጉት፤ «ነገ እናየዋለን» አይሠራም። መሬት ላይ ሳይሆን ከመሬት ከፍ ባለ ወንፊት ላይ፣ ቅጠል በቅጠል ላይ ሳይነባበር፣ ጥላ ሆኖ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ አስጡት። ቀጥተኛ ፀሐይ ቶሎ ያደርቃል፤ ግን ቅጠሉን ያነጣዋል፣ ብርሃን የማይችሉትንም ያጠፋል። በክረምት «ጥላ ላይ ነው የሚደርቀው» ብሎ ሙጭጭ ማለት ከድጡ ወደ ማጡ ነው። ማድረቂያ ኦቨን ካለ 40 ዲግሪ ላይ አድርጋችሁ አየር እንዲንቀሳቀስ ክፈቱለት። ከሌለ ኮምቦልቻ ዘመድ ያለው ሰው ወደዚያ ወርዶ ያድርቅ። ቀልድ አይደለም፤ ቆላው ላይ በአጭር ጊዜ የሚደርቀው ቅጠል ደሴ ጉም ውስጥ ከሚከርመው የተሻለ ፌኖል ይዞ ይወጣል።

መድረቁን በእጅ መዳሰስ አይበቃም። ግንዱ ሲሰበር ቀጭ ማለት አለበት። ከዚያ መዝኑት፣ መልሳችሁ አድርቁት፣ እንደገና መዝኑት። ክብደቱ መቀነስ ሲያቆም ደርቋል። እርጥበቱ 10 በመቶና ከዚያ በታች ከሆነ ጥሩ ነው።

ቅጠሉ ወፍራምና ውሃ የቋጠረ ከሆነ ሌላ ዘዴ አለ። ከመሰጣቱ በፊት ለአንድ ሁለት ደቂቃ በእንፋሎት ማጠን። ሙቀቱ ኢንዛይሙን ይገድለዋል። የፈላ ውሃ ውስጥ አትንከሩት፤ ውሃ ወዳዱ ሁሉ እዚያው ይቀራል።

እርጥብ ቅጠል በ96 አልኮል ዘፍዝፌ ሁልጊዜ የተለያየ ቁጥር አገኛለሁ

እዚህ የሚሸውደው ቅጠሉ ውስጥ ያለው ውሃ ነው። 10 ግራም እርጥብ ቅጠል 8 ግራም ያህል ውሃ ይይዛል እንበል። በ20 ሚሊ ሊትር 96 በመቶ ኤታኖል ብትዘፈዝፉት አልኮላችሁ ወደ 70 በመቶ ገደማ ይወርዳል። በሚቀጥለው ሳምንት ዝናብ ሳይዘንብ የተለቀመ ቅጠል ብታመጡ ደግሞ ቁጥሩ ሌላ ነው። ስለዚህ ወይ አድርቃችሁ ሥሩ፣ ወይ እርጥበቱን ለክታችሁ ውጤቱን በደረቅ ክብደት አስሉ።

ኤክስትራክቱ ብዙ ወጣ፣ ጉልበቱ ግን ትንሽ ነው

ውሃ ብቻ ስትጠቀሙ ይህ ይበዛል። ውሃ ስኳሩንም፣ ጨውንም፣ ሙጫውንም፣ ፕሮቲኑንም ጠራርጎ ያመጣል። አሟሚው ተንኖ ሳህኑ ላይ የሚቀረው ኤክስትራክት ብዙ ነው፤ በአንድ ግራም ውስጥ ያለው ፌኖል ግን ቀጭን ነው። በሌላው ጫፍ ንጹህ ኤታኖል አለ። እሱ ደግሞ ሰሙንና ክሎሮፊሉን ይወዳል፤ ስኳር የተለጠፈባቸውን ፍላቮኖይዶች በደንብ አያወጣም። ሩቲን ከእነዚህ አንዱ ነው።

ለዚህ ነው ብዙ ሰው 70 በመቶ ኤታኖል ወይም 80 በመቶ ሜታኖል የሚመርጠው። ውሃው ቅጠሉን ያሳብጠዋል፣ አልኮሉ ፌኖሉን ያሟማዋል፣ ኢንዛይሙንም ያሰናክላል። 100 ሚሊ ሊትር 70 በመቶ ለማዘጋጀት ከ96ቱ 73 ሚሊ ሊትር ያህል ለኩ፤ ከዚያ እስከ 100 ምልክት ድረስ የተጣራ ውሃ ሙሉበት። «73 አልኮልና 27 ውሃ» ብሎ መደመር አይደለም፤ ሁለቱ ሲቀላቀሉ መጠናቸው ይቀንሳል። ምልክቱ ላይ መሙላት የሚባለው ለዚህ ነው።

መጠኑም ወሳኝ ነው። ለ10 ግራም ደረቅ ቅጠል 100 ሚሊ ሊትር ጥቂቱ ነው። ደረቅ ቅጠል ይመጠዋል። 150 ወይም 200 ብታደርጉት ይሻላል። ከሁሉም የሚሻለው ግን አንዴ በ150 ከመዘፍዘፍ ሦስት ጊዜ በ50 በ50 እያወጡ መቀላቀል ነው። አሟሚው አንዴ ሲጠግብ ከቅጠሉ መቀበል ያቆማል፤ አዲስ ስትጨምሩለት እንደገና ይስባል። ቅጠሉ 50ውን መጥጦ ደረቅ እንዳይሆን ብቻ የመጀመሪያውን ዙር በዛ አድርጉት።

አሁን ስለ ንጽጽሩ። ከ100 ግራም ቅጠል በውሃ 30 ግራም ኤክስትራክት ወጣ፣ በአንዱ ግራም ውስጥ 50 ሚሊ ግራም ፌኖል አለ እንበል። በኤታኖል 15 ግራም ወጣ፣ በአንዱ ግራም 100 ሚሊ ግራም አለ። አባዙት። ሁለቱም 1,500 ናቸው። አልሸሹም ዞር አሉ! አንዱ «ኤታኖል እጥፍ ነው» ብሎ ይጽፋል፣ ሌላው «ውሃ እጥፍ ምርት ይሰጣል» ይላል። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ሁለቱም ግማሹን ነው የነገሩን። በአንድ ግራም ኤክስትራክትም በአንድ ግራም ቅጠልም አስልታችሁ አስቀምጡ። ለሻይ አሻጊ የሚጠቅመው ሁለተኛው ነው።

ሜታኖል ካነሳሁ አይቀር፦ በሜታኖል የወጣ ነገር ለመለኪያ ብቻ ነው። አይቀመስም፣ ለሰው አይሰጥም፣ «በደንብ ተኗል» ተብሎም አይታመንም። ገበያ ላይ የሚሸጠው ባለቀለም ስፒሪትም ሜታኖል ስለሚገባበት ከዚያው ወገን ነው።

የጦስኝ ሽታ ጠፋ

ድስት ከፍቶ ማፍላት ነው ጥፋቱ። ታይሞል ለብቻው ሲሆን የሚፈላው ከ230 ዲግሪ በላይ ነው። ስለዚህ ሰው «በ90 ዲግሪ ምን ይሆናል?» ይላል። ግን ከውሃ እንፋሎት ጋር ተያይዞ ይወጣል። ቤቱ በጦስኝ ሽታ ሲታወድ እንግዳው ይደሰታል፤ ሽታው ግን ከሲኒው የወጣ ነው።

ለሻይ ከሆነ ውሃውን አፍልታችሁ ከእሳት አውርዱ፣ ጦስኙን ጨምሩ፣ ክደኑት፣ ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ ተዉት። ክዳኑ ሥር የተንጠለጠለውን ጠብታ መልሳችሁ ወደ ሻዩ አራግፉት። ለላቦራቶሪ ከሆነ ሁለት ሥራ አድርጋችሁ ለዩት። መጀመሪያ በእንፋሎት ዘይቱን አውጡ። ከዚያ በቀረው ቅጠል ላይ 70 በመቶ ኤታኖል ጨምራችሁ የማይበሩትን ፌኖሎች ውሰዱ። የዚህ ተክል ወገን የሆኑት ሮዝማሪኒክ አሲድ የመያዝ ልማድ አላቸው፤ እሱ አይበርም። በአንድ ድስት ሁለቱንም ለመያዝ የሚሞክር ሰው አንዱን ይጥላል።

አፈጫጩም ሽታ ያጠፋል። የቡና መፍጫ ያለማቋረጥ ሲዞር ይሞቃል። አሥራ አምስት ሃያ ሰከንድ ፈጭታችሁ አሳርፉት። ሙቀጫ ካለ ደግሞ ምን ገዶ! በጣም ማላምም አያስፈልግም፤ እንደ ዱቄት የላመ ነገር ማጣሪያውን ደፍኖ ከሰዓት በኋላችሁን ይበላዋል። ከላመም ከሻከረም መካከል ያለው ይበቃል፤ በወንፊት አሳልፉትና ሁሉም አንድ ዓይነት ይሁን። ሲጣራ መጀመሪያ በሻሽ፣ ቀጥሎ በዋትማን ቁጥር 1 ማጣሪያ ወረቀት።

ጽሑፉ ላይ እንዳለው 100 ዲግሪ አፈላሁ፣ ውጤቱ አልገጠመም

ደሴ ላይ ከሆናችሁ 100 ዲግሪ አላፈላችሁም። አይቻልም። ከተማው 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ውሃ እዚህ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ያህል ይወርዳል ብላችሁ ያዙት። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ስለሆነ 94 ይደርሳል። ሽንብራ ደሴ ላይ ከቆላ ይልቅ እሳት የሚፈጀው በዚህ ነው። ባሕር ዳርቻ ላይ ያለ ላቦራቶሪ «ለ15 ደቂቃ ተፈላ» ብሎ ሲጽፍ የእናንተ 15 ደቂቃ ያንን አይደለም።

አልኮሎቹም እንዲሁ ናቸው። ኤታኖል በባሕር ወለል 78 ዲግሪ ላይ ይፈላል፤ እዚህ 71 አካባቢ ነው። ሜታኖል ከ65 ወደ 57 ገደማ ይወርዳል። ሶክስሌት (አሟሚውን እያፈላ በቅጠሉ ላይ ደጋግሞ የሚያሳልፍ የመስታወት መሣሪያ) ላይ ይህ በጎ ጎን አለው፤ ፌኖሉ ያነሰ ሙቀት ያያል። ግን አሟሚው ቶሎ ስለሚፈላ ማቀዝቀዣው (ኮንደንሰሩ) ካልበረታ እየተነነ ያልቅባችኋል። መነሻውን መጠንና መጨረሻ ላይ የቀረውን ለኩ። ብዙ ከጎደለ ልቀት አለ።

መፍትሄው ቀላል ነው። ቴርሞሜትር ውሃው ውስጥ ክተቱና ያነበባችሁትን ጻፉ። «ፈላ» አትበሉ፤ «በ92 ዲግሪ፣ ለ20 ደቂቃ» በሉ። ለሥርና ለቅርፊት ጊዜውን ማስረዘም ይቻላል። ለቅጠል ግን ማስረዘሙ ከሚሰጠው የሚወስደው ይበልጣል። ፕሬሸር ኩከር ሙቀቱን ከ100 በላይ ስለሚያወጣው ለቀጋ ዓይነቱ አይሆንም።

የዚሁ የከፍታ ጉዳይ ሮታሪ ኢቫፖሬተር (አሟሚውን በቫኩም የሚያተን ማሽን) ላይም ይመጣል። ሁሉም ሰው መታጠቢያውን 40 ዲግሪ አድርግ ይላል፤ ልክ ነው። ግን አንዳንዱ የቫኩም ሰዓት የሚያነበው ከውጭው አየር ጋር ያለውን ልዩነት ነው። የደሴ አየር ግፊት 750 ሚሊባር ገደማ ነው፤ በባሕር ወለል 1,013 ነው። ከመመሪያ ላይ የልዩነት ቁጥር ብቻ ገልብጣችሁ ብትሠሩ ሌላ ግፊት ላይ ናችሁ። ኤታኖል በ40 ዲግሪ እንዲፈላ ፍጹም ግፊቱ 175 ሚሊባር አካባቢ ይሁን። ሜታኖል በ337፣ ውሃ በ72። የሰዓቱ ዓይነት ካልገባችሁ ፓምፑ ሳይነሳ ምን እንደሚያነብ እዩት። ዜሮ ካለ ልዩነት ነው የሚያነበው።

ሙቀት ነካው፣ ጠቆረ፣ ጣዕሙ ተቀየረ

ሶክስሌት ላይ ቅጠሉ በየዙሩ አዲስ አሟሚ ያገኛል፤ የወጣው ኤክስትራክት ግን ታች ጠርሙሱ ውስጥ ለሰዓታት እየፈላ ይቆያል። ቫይታሚን ሲ እዚያ ፉርሽ ነው። ለዚህ ዓይነቱ በክፍል ሙቀት መዘፍዘፍ ይሻላል፤ 24 ሰዓት፣ ተከድኖ፣ ጨለማ ውስጥ፣ አልፎ አልፎ እየተናጠ። ለጠንካራ ቅርፊት ሶክስሌት ይሁን።

አልትራሳውንድ መታጠቢያ ያለው ደግሞ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ውስጥ ይጨርሳል። ችግሩ ሰው «ብዙ ባቆየው ብዙ ይወጣል» ይላል። ውሃው እየሞቀ ይሄዳል፣ ቆይቶም ሞገዱ ራሱ በውሃው ውስጥ ሃይድሮክሲል ራዲካል የሚባል ኦክሲዳይዝ የሚያደርግ ነገር ይፈጥራል። አንቲኦክሲዳንት ልታወጡ ገብታችሁ በገዛ እጃችሁ ጠላቱን አመረታችሁ። በረዶ ጨምሩ፣ በመሃል አሳርፉ፣ ጊዜውን አሳጥሩ።

ግን ሙቀት ሁልጊዜ ሌባ አይደለም። ዝንጅብል ሲደርቅና ሲሞቅ ጂንጀሮሉ ወደ ሾጋኦል ይቀየራል፤ ሾጋኦልም በአንቲኦክሲዳንትነቱ የሚናቅ አይደለም። ነጭ ሽንኩርት ላይ ደግሞ ኢንዛይሙ ወዳጅ ነው። ከተፈጨ በኋላ ሳይሞቅ ጥቂት ካልቆየ አሊሲኑ በደንብ አይፈጠርም። ስለዚህ «ኢንዛይም ግደል» የሚለውን ምክሬን እዚህ ላይ እርሱት።

ውሃው እንደ ቀለም ጠቆረ

ታኒን ያለበት ቅጠል ወይም ቅርፊት በዛገ ድስት ወይም ብረት ባለበት ውሃ ሲፈላ ነው። ታኒንና ብረት ሲገናኙ ጥቁር ይሰጣሉ፤ የጥንቱ የብራና ቀለም አንዱ መንገድም ይኸው ነበር። ብረትና መዳብ ኦክሲዴሽኑንም ያፋጥናሉ። መስታወት ወይም ደህና ስቴንለስ፣ የተጣራ ውሃ። የቧንቧው ውሃ ኖራማ ከሆነም ፌኖሎቹ ይጠቁራሉ፤ አልካላይ ነገር አይስማማቸውም። ትንሽ ሎሚ ጠብ ብታደርጉበት ሻዩ ወዲያው ሲነጣ ታዩታላችሁ። ይህ ግን ቀለሙ ስለተለወጠ ነው፤ የጠፋውን መመለሻ አይደለም።

አረፋ ገንፍሎ ኮንደንሰሩን ሞላው

ሳፖኒን ነው፤ እንደ ሳሙና የሚያረፋ ነገር። እንዶድ ላይ ታዋቂ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ልብስ የሚታጠብበት ወንዝ አጠገብ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ያገኙትም በዚሁ በእንዶድ አረፋ ነው። ጠርሙሱን ከግማሽ በታች ሙሉት፣ ቫኩሙን ቀስ እያላችሁ ጨምሩ፣ ጥቂት ኤታኖል ጠብ አድርጉ። ሴፓሬተሪ ፈነል (ፈሳሾችን የሚለይ ዕቃ) ውስጥ አልለያይ ካለ ደግሞ ጨው ጨምራችሁ ጠብቁ። መናጥ ያባብሰዋል፤ በቀስታ አገላብጡት።

ዲፒፒኤቹ አልሠራም፣ ወይም በጣም ሠራ

«ቲቸር፣ ኤክስትራክቴ ዜሮ ነው።»

«አብሽር። ስንት ውሃ ጨመርክበት?»

ውይይቱ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው የሚጀምረው። ዲፒፒኤች በ1958 እ.ኤ.አ. ብሎይስ በተባለ ተመራማሪ የተዋወቀ ቀላል የአንቲኦክሲዳንት መለኪያ ነው። ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ራዲካል ነው፤ አንቲኦክሲዳንት ሲያገኝ ወደ ቢጫ ይደበዝዛል፣ በ517 ናኖሜትር ይነበባል። 4 ሚሊ ግራም ያህሉን በ100 ሚሊ ሊትር ሜታኖል ብታሟሙ 0.1 ሚሊ ሞላር ይሆናል። ቀላልነቱ ነው ሰውን የሚያዘናጋው።

ቀለሙ በሁሉም ጠርሙስ ወዲያው ከጠፋ፣ ኤክስትራክቱ በዝቷል። እያቀጠናችሁ ሂዱ፤ የቀለሙ መጥፋት ከ20 እስከ 80 በመቶ መካከል የሚወድቅባቸው ነጥቦች እስክታገኙ። ሁሉም 95 በመቶ ላይ ከሆኑ አይሲ50 (የዲፒፒኤቹን ግማሽ የሚያጠፋው የኤክስትራክት መጠን) አይሰላም፤ የሚሰላ ቢመስልም ውሸት ነው። አይሲ50 ሲያንስ ጠንካራ ማለት መሆኑንም አትርሱ። «ይህኛው ትልቅ ቁጥር ስላለው ይበልጣል» የሚል ድምዳሜ አሁንም ይገጥመኛል።

ቀለሙ አልጠፋ ካለ የውሃውን መጠን እዩ። ዲፒፒኤች ውሃ አይወድም። ከግማሽ በላይ ውሃ ሲሆን ይደፈርሳል፣ ይረጋል፣ ንባቡም ይበላሻል። የተማሪውም ችግር ይኸው ነበር፤ የውሃ ኤክስትራክቱን ከመጠን በላይ ጨምሮበታል። ጥቂቱን የውሃ ኤክስትራክት በብዙ ሜታኖል ውስጥ አስገቡ፤ የሚረጋው ሙጫ ካለ አጣሩት። ጊዜም ይወስነዋል። 30 ደቂቃ ጨለማ ውስጥ የተለመደ ነው፤ ታይሞል ግን ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው። የጦስኝ ዘይት ላይ ንባቡ መቀነስ እስኪያቆም ጠብቁ።

አረንጓዴ ኤክስትራክት ላይ ሌላ ወጥመድ አለ። ቅጠሉ የራሱ ቀለም አለው፤ ማሽኑ ደግሞ ቀለም እንጂ ስም አያውቅም። ያለ ዲፒፒኤች ኤክስትራክቱን ብቻ በሜታኖል አንብቡና ቀንሱት። ይህን ሳያደርጉ ጥቁር አረንጓዴ ኤክስትራክትን «ደካማ ነው» ማለት ሐሜት ነው። ክሎሮፊሉን አስቀድሞ በሄክሴን ማጠብም ይቻላል። ጥቁር አዝሙድ ላይ ግን አታድርጉት፤ ታይሞኪኖኑ ከዘይቱ ጋር ይሄዳል፤ የምትደፉት ዋናውን ነው።

ፎሊን ሲኮልቶም የራሱ አመል አለው። ጠቅላላ ፌኖል ይለካል ይባላል፤ እሱ ግን ኤሌክትሮን ሊሰጠው የሚችለውን ሁሉ ይቀበላል። ቫይታሚን ሲን፣ አንዳንድ ስኳሮችን፣ ፕሮቲንንም ይቆጥራል። የቀጋ ፍሬ ላይ ቁጥሩ ጣሪያ ሲነካ ያ ሁሉ ፌኖል ነው ብላችሁ አትጻፉ። ቫይታሚን ሲውን ለብቻ ለኩና ቀንሱ፤ ወይም ቢያንስ ሌላ መለኪያ አብራችሁ አቅርቡ። ቅደም ተከተሉንም ጠብቁ፤ መጀመሪያ ናሙናና ፎሊን፣ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ሶዲየም ካርቦኔት። ካርቦኔቱ ቀድሞ ከገባ ፎሊኑ ሳይሠራ ይሞታል። ጠርሙሱ ውስጥ ቢጫ መሆን አለበት፤ አረንጓዴ ከሆነ ተበላሽቷል፣ አትድከሙ።

ባለፈው ወር ጥሩ ነበር፣ አሁን ወርዷል

መጀመሪያ ኤክስትራክቱን እዩ። የሚያጣብቅ፣ ጥግ ላይ ነጭ የያዘ ከሆነ ውሃው ሳያልቅ ተከድኗል። ከ40 ዲግሪ ሳያልፍ ክብደቱ እስኪረጋ አድርቁት። ጥቁር ወይም ቡናማ ጠርሙስ፣ እስከ አፉ የተሞላ ትንሽ ጠርሙስ፣ ፍሪጅ። ለወራት ከሆነ ፍሪዘር ውስጥ። ፕላስቲክ ዕቃ አልኮል ሲነካው በውስጡ ያለውን ወደ ኤክስትራክቱ ሊለቅ ይችላል፤ መስታወት ይሁን። መብራት በሄደ ቁጥር ቀልጦ መልሶ የሚረጋው ነገር አይጠቅምም፤ በአንዴ የምትጠቀሙትን ያህል ከፋፍላችሁ አስቀምጡ።

ኤክስትራክቱ ደህና ሆኖ አዲስ ያወጣችሁት ከወረደ ደግሞ ቅጠሉ አንድ አይደለም ማለት ነው። የተለቀመበት ከፍታ፣ ወር፣ አበባ ላይ መሆን አለመሆኑ ሁሉ ፌኖሉን ይቀያይረዋል። ከገበያ የተገዛ ከሆነ ሻጯን ጠይቁ። «እማማ፣ ይሄ ከየት መጣ? መቼ ተቆረጠ?» ብትሏት ብዙ ጊዜ በደንብ ታውቃለች። መልሷን ጻፉ። አንዱን ቅርንጫፍ ከአበባው ጋር ጋዜጣ ውስጥ አድርቃችሁ ለማረጋገጫ አስቀምጡ፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው ብሔራዊ ሄርባሪየም ስሙን የሚያረጋግጡ ሰዎች አሉት። ጤና አዳም ስትለቅሙ ጓንት አድርጉ፤ ጭማቂው ቆዳ ላይ ሆኖ ፀሐይ ሲያገኘው ያቃጥላል። ለነፍሰ ጡር ደግሞ ኤክስትራክቱ አይሰጥም።

ጠርሙሱ ላይ የሚለጠፈው ወረቀት የተክሉን ስም፣ ክፍሉን፣ ቦታና ከፍታውን፣ የተለቀመበትን ቀን፣ አደራረቁን፣ አሟሚውን በመቶኛ፣ ሙቀቱን፣ ጊዜውን ይያዝ። በእርሳስ ጻፉት። የእስክሪብቶ ቀለም ኤታኖል ጠብ ሲልበት ይጠፋል።